ሎክ ፒክ ለሆቢ መያዝ ያሳስራል እንዴ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ መክፈት ሆቢዬ ነው ስትሉ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዛ ትንሽ ዝም ይልና "ቆይ ግን ይሄ ነገር አያሳስርም?" ይላል። ይሄን ጥያቄ ስንቴ እንደመለስኩት እግዜር ይወቀው፣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ህግ ደግሞ ይሻሻላል፣ ስለዚህ የምትኖሩበትን አገር ህግ ራሳችሁ አንብቡት፣ የገባችሁ የማይመስላችሁ ከሆነ ጠበቃ ጠይቁ።

አንድ የቋንቋ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ መክፈቻውንም መቆለፊያውንም "ቁልፍ" ነው የምንለው፣ "ቁልፉ ጠፋኝ"ም እንላለን "በሩ ቁልፉ ተበላሸ"ም እንላለን። እዚህ ጋ እንዳንደናገር ቁልፍ ስል በእጅ የሚያዘውን ነው፣ ሎክ ስል ደግሞ በሩ ወይ ጓጉንቸሩ ውስጥ ያለውን። ሎክ ፒክ የምላቸው እነዛን ቀጫጭን ብረቶች ነው፣ ጫፉ ቆልመም ያለው ሁክ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ያለው ሬክ፣ እና ሎኩን በቀስታ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ የሚይዘው ቴንሽን ሬንች።

በአጭሩ ንገረኝ፣ መያዝ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም?

ብዙ ቦታ አይደለም። ብዙ አገር ህጉ የሚጠይቀው "ምን ይዘሃል?" ብሎ ሳይሆን "ለምን ይዘኸዋል?" ብሎ ነው፣ ይሄን "ለምን" የሚያስረዳው ደግሞ ዐቃቤ ህጉ ነው። አንዳንድ ቦታ ግን ነገሩ ይገለበጥና ለምን እንደያዛችሁ የምታስረዱት እናንተ ትሆናላችሁ። ጥቂት ቦታ ደግሞ ባለሙያ ካልሆንክ ጭራሽ አትያዘው ይላሉ። እናንተ ያላችሁበት አገር ከነዚህ ከሶስቱ የትኛው ውስጥ እንደሚወድቅ ካወቃችሁ አብዛኛው ነገር አለቀ።

አሜሪካ ውስጥስ?

በፌዴራል ደረጃ ሎክ ፒክ መያዝን የሚከለክል ህግ የለም፣ ጣጣው ያለው ስቴቶቹ ጋ ነው። አብዛኛዎቹ ሐሳብ ይጠይቃሉ፣ ማለትም እቃውን ለወንጀል ልትጠቀሙበት አስባችሁ መያዛችሁ መታየት አለበት። ለምሳሌ ኒውዮርክ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 140.35 የሰርሳሪ መሳሪያ መያዝን ይቀጣል፣ ግን መሳሪያውን ለወንጀል ልትጠቀሙበት እንደነበር የሚያሳይ ሁኔታ መኖር አለበት። ካሊፎርኒያም አንቀጽ 466 ላይ እንደዛው ነው፣ ሰብሮ የመግባት ሐሳብ ይፈልጋል።

የካሊፎርኒያውን ዝርዝር ግን አንድ ቀን ጊዜ ካላችሁ አንብቡት፣ እኔን አስቆኛል። ሎክ ፒክ አለ፣ ፒክ ጋን (ሽጉጥ መሰል የሎክ መክፈቻ) አለ፣ ባምፕ ኪይ (ሎክ ውስጥ ከተው መታ እያደረጉ የሚከፍቱበት ቁልፍ) አለ፣ እሺ። ከዛ ካቻቢቴ አለ። ፒንሳ አለ። የተሰበረ የካንዴላ ሸክላ ራሱ አለ! (የመኪና ካንዴላ ነጩ ክፍል ማለቴ ነው፣ ስብርባሪው የመኪና መስታወት ላይ ሲወረወር መስታወቱን ስለሚያረግፈው ነው የገባው።) እንግዲህ ካቻቢቴ ቤቱ የሌለው ሰው ማነው? ህጉ ዝርዝሩን እንዲህ ማስረዘም የቻለው እቃው ብቻውን ወንጀል ስላልሆነ ነው፣ ወንጀል የሚያደርገው አብሮት ያለው ሐሳብ ነው።

አሁን ወደማይመቹት ስቴቶች። ቨርጂኒያ፣ ኔቫዳ፣ ኦሃዮ እና ሚሲሲፒ በሆቢው ሰዎች ዘንድ አራቱ ጠንቀቅ የሚባልባቸው ናቸው። እነዚህ ጋ መሳሪያው እጃችሁ ላይ መገኘቱ ራሱ፣ ወይም የተገኘበት ሁኔታ፣ ለመጥፎ ሐሳብ መነሻ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በቃ ተፈረደባችሁ ማለት አይደለም፣ ማስተባበል ይቻላል፣ ግን ኳሷ እናንተ ሜዳ ላይ ናት። አራቱም ደግሞ አንድ አይነት አይደሉም። ቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ካልሆነ በቀር የሰርሳሪ መሳሪያ መያዝን በራሱ እንደ መነሻ ማስረጃ ትቆጥራለች፣ ወንጀሉም በሷ አመዳደብ ከባድ ከሚባሉት ውስጥ ነው፣ እስከ 10 አመት ያስቀጣል። ኔቫዳ ከዚህ ግምት ነጻ የምታወጣው ለህዝብ ክፍት በሆነ ሱቁ ውስጥ የሚሰራን ባለሙያ ነው። ኦሃዮ ሁኔታውን ታያለች። ሚሲሲፒ ደግሞ ቃሏ "ደብቆ መያዝ" ነው፣ ሰውነት ላይ ወይ ሻንጣ ውስጥ ተደብቆ ከተገኘ ያኔ ነው ግምቱ የሚመጣው። እና ቦርሳ ውስጥ ያለ እቃ ሁሉ አንድ መርማሪ ተደብቋል ብሎ ሊከራከርበት እንደሚችል አስቡት።

እንግሊዝ ውስጥ ቤት ውስጥ ችግር የለውም ውጪ ግን ችግር አለው የሚሉት እውነት ነው?

በደንብ ያልተብራራ እውነት ነው። የእንግሊዝና ዌልስ የ1968ቱ የስርቆት ህግ ክፍል 25 የሚያወራው ከመኖሪያችሁ ውጪ ሆናችሁ ለስርቆት ወይ ለቤት ሰርሳሪነት የሚያገለግል እቃ ይዛችሁ ስትገኙ ነው፣ እስከ 3 አመት ያሳስራል። ቤታችሁ ሳሎን ቁጭ ብላችሁ ጓጉንቸር ስትጎረጉሩ ይሄ አንቀጽ አያገኛችሁም። ውጪም ብትሆኑ ለስርቆት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ግን አንድ ንዑስ አንቀጽ አለች፣ እቃው ለስርቆት ተብሎ የተሰራ ወይ የተስተካከለ ከሆነ መያዙ ብቻ ለዛ አላማ እንደያዛችሁት ማስረጃ ይሆናል ትላለች። ሎክ ፒክ "ለስርቆት የተሰራ" ነው ወይስ ለሙያ? እናንተም እኔም ለሙያና ለጨዋታ ነው እንላለን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የያዛችሁ ፖሊስ ግን ሌላ ሊል ይችላል።

አየርላንድም በ2001 ያወጣችው ህግ ተመሳሳይ ነው፣ ከመኖሪያ ቦታ ውጪ የሚል ቃል አለው፣ ቅጣቱ ግን እስከ 5 አመት ይደርሳል።

ካናዳና አውስትራሊያስ?

ካናዳ የወንጀል ህጉ አንቀጽ 351 ነው፣ እቃው ሰብሮ ለመግባት እንደዋለ ወይ ሊውል እንደታሰበ እያወቁ ያለ በቂ ምክንያት መያዝን ነው የሚቀጣው፣ ጣሪያው 10 አመት ነው። ጣሪያው ያስደነግጣል፣ ግን "እያወቁ" የምትለዋ ቃል ለሆቢ ሰው ትልቅ ከለላ ናት።

አውስትራሊያ ውስጥ ስቴት ለስቴት ይለያያል። ኒው ሳውዝ ዌልስን ብንወስድ ያለ ህጋዊ ምክንያት የቤት መስበሪያ እቃ መያዝ እስከ 7 አመት ያስቀጣል፣ ህጋዊ ምክንያት እንዳላችሁ የምታሳዩት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሁለተኛው ምድብ ውስጥ አስገቡት።

ጭራሽ የተከለከለባቸው አገሮች አሉ?

አሉ፣ ሁለቱን እነግራችኋለሁ።

ጃፓን። ወደ 2000 አካባቢ የሎክ ፒክ ስርቆት በጣም በዝቶባቸው ስለነበር በ2003 ራሱን የቻለ ህግ አወጡ፣ ልዩ የመክፈቻ መሳሪያዎችን ስለመከልከል የሚል። በስራ ወይ በሌላ ተገቢ ምክንያት ካልሆነ መያዝ አይቻልም፣ እስከ 1 አመት እስር ወይ እስከ 500,000 የን መቀጮ አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ የከለከለው መያዝን ነው፣ ይዞ መውጣትን ብቻ አይደለም፣ ቤት መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም መያዝ ነው። "ሆቢዬ ነው" ማለት ተገቢ ምክንያት ይሆንልኛል ብሎ መሞከር እኔ በበኩሌ ለጠላቴም አልመክረውም። ያው ህግ ተራ እቃዎችንም ይነካል፣ ረጅም ካቻቢቴ (ጫፉ ግማሽ ሴንቲ ሜትርና ከዛ በላይ ሰፍቶ 15 ሴንቲ ሜትርና ከዛ በላይ የሚረዝም) ያለ ተገቢ ምክንያት ደብቆ ይዞ መሄድ ክልክል ነው። ካቻቢቴውን ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፣ ሎክ ፒኩን ግን አይቻልም፣ ልዩነቷ እሷ ናት። ለጉብኝት የምትሄዱ ሰዎች ቦርሳችሁን ሁለቴ ፈትሹ።

ፖላንድ። የጥቃቅን ጥፋቶች ህጋቸው አንቀጽ 129 ሙያው የማያስፈልገው ሰው ሎክ ፒክ ቢሰራ፣ ቢይዝ፣ ወይ ቢገዛ ይቀጣል ይላል። ለእንዲህ አይነት ሰው አሳልፎ መስጠትም ያስቀጣል፣ ስለዚህ ለጓደኛችሁ በስጦታ መላክ እናንተንም እሱንም ነው የሚያስጠይቀው። በዚህ አንቀጽ ሐሳብ ምናምን የሚባል ነገር የለም።

የሚገርመው ጎረቤቷ ጀርመን ሙሉ በሙሉ ሌላ አለም ናት። መያዙ ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ እንደውም በ1997 ሃምቡርግ ውስጥ በማህበርነት የተቋቋመ የሎክ ፒከሮች ስፖርት ክለብ አላቸው፣ ውድድር ምናምን ያለው። ኔዘርላንድም እንደዛው፣ አሁን ብዙ አገር ቅርንጫፍ ያለው ቱል የሚባለው ማህበር የተነሳው ከዛ ነው። ድንበር ተሻግራችሁ ስትነዱ አንዱ ጋ የስፖርት እቃ የነበረው ሌላው ጋ የሚያስቀጣ ይሆናል ማለት ነው።

"ሐሳብ" ሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር አይደል እንዴ፣ ፍርድ ቤት እንዴት ያውቀዋል?

አያውቀውም፣ ከሁኔታው ነው የሚገምተው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "ህጉ ሐሳብ ይጠይቃል" ሲባል ተረጋግቶ የሚሳሳተው። እቃው ያው ነው እንበል፣ ጥቁር የቆዳ ኪስ ውስጥ ያሉ 12 ብረቶች። አንዱ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ክለብ እየሄደ ነው፣ ቦርሳው ውስጥ ብረቶቹ፣ 5 ጓጉንቸር ከነቁልፋቸው፣ አንድ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ መለማመጃ ሎክ፣ እና ትንሽ ሞርሳ አለች። ሌላኛው ሌሊት የማያውቀው ሰፈር ውስጥ የመጋዘን ጀርባ ቆሟል፣ ቦርሳው ውስጥ ብረቶቹ፣ ጓንት፣ ባትሪ፣ ፊት መሸፈኛ፣ እና ባዶ ማዳበሪያ። ማንም ዳኛ ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም።

ችግሩ ብዙዎቻችን በነዚህ በሁለቱ መሀል ነን። ማታ ከስራ ስትመለሱ፣ ብርድ ስለሆነ ጓንት አለ፣ ስልክ ባትሪው ስለሚያልቅ የእጅ ባትሪ አለ፣ እና ብረቶቹ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ቦርሳ ውስጥ ተረስተዋል። ንጹህ ሰው ናችሁ፣ ግን ከውጪ ሲታይ ዝርዝሩ አያምርም። ያለፈ ሪከርድ፣ አካባቢው ላይ በዛው ሰሞን የተፈጸመ ስርቆት፣ ፖሊስ ሲመጣ መሮጥ፣ እርስ በእርስ የሚጋጭ መልስ፣ እነዚህ ሁሉ ሚዛን ላይ ይወጣሉ።

ታዲያ ኪሴ ውስጥ ወይ ቁልፍ መያዣዬ ላይ አድርጌ ብዞርስ? ድንገት ቢያስፈልገኝስ?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። እውነቱን ለመናገር በስንት አመት ውስጥ ኪሴ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ያልኩበት ቀን አንድም የለም። ቪዲዮ ላይ ግን ሁሉም ሰው ሁሌም ይዞ ይዞራል፣ ክሬዲት ካርድ የሚመስል ምናምን፣ ቀበቶ ውስጥ የሚደበቅ ምናምን። እነዛ የሚደበቁት በተለይ አይመቹኝም፣ ሚሲሲፒ ላይ ያልኩትን አስታውሱ፣ ለመደበቅ ተብሎ የተሰራ እቃ ይዞ "አልደበቅኩትም" ማለት ይከብዳል።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ብረቶቼን ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ረስቼ አንድ ትልቅ ህንጻ ልገባ ስል ፍተሻው ላይ ኤክስሬዩ አሳያቸው። ጥበቃው ቦርሳውን ከፍቶ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው፣ ሁኩን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ አየውና "ዶክተር ነህ እንዴ፣ የጥርስ?" አለኝ። ልክ ነው፣ ቁርጥ የጥርስ ሐኪም እቃ ነው የሚመስሉት። እኔ ደግሞ አይ ብዬ የሎክ መክፈቻ ናቸው አልኩ፣ ያቺን ቃል ስሰማት ራሴን ደነገጥኩ፣ ኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ቀና አለ። አለቃው ተጠራ፣ ሌላ አለቃ ተጠራ፣ ስልክ ላይ ከጓጉንቸር ጋር የተነሳሁትን ፎቶ ሁሉ እያሳየሁ ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እቃው እዛው ቆይቶ ስወጣ ተሰጠኝ፣ የሄድኩበት ቀጠሮ ግን አለፈ። ከዛ ቀን ጀምሮ ክለብ ወይ ጓደኛ ጋ ካልሄድኩ በቀር ብረቶቹ ከጠረጴዛዬ አይነሱም።

ይዛችሁ መሄድ ካለባችሁ ግን በአንድ ሳጥን ከመለማመጃ ሎኮቹና ከቁልፎቻቸው ጋር አድርጉት፣ ሂዱበት፣ ተመለሱበት፣ መንገድ ላይ ሌላ ቦታ አትቆዩ።

መኪና ውስጥ ባስቀምጠውስ?

መኪና ቤት አይደለም። እንግሊዝ ላይ "ከመኖሪያ ውጪ" የሚለው መኪናንም ይጨምራል፣ ሌላም ቦታ መኪና ውስጥ ያለ እቃ በእናንተ እጅ እንዳለ ይቆጠራል። ተረስቶ ወራት የሚቀመጠውም እዛው ስለሆነ ከኪስ ይብሳል ባይ ነኝ።

ፖሊስ አስቁሞ ቢያገኝብኝ ምን ልበል?

ከአገር አገር መብታችሁ ይለያያል፣ ግን የትም ብትሆኑ አትዋሹ። "የጓደኛዬ ነው"፣ "ምን እንደሆነ አላውቅም" ምናምን የሚሉ መልሶች ናቸው ንጹህ ሰውን ተጠርጣሪ የሚያደርጉት፣ ምክንያቱም ቆይቶ ስልካችሁ ላይ 200 የጓጉንቸር ቪዲዮ ይገኛላ። ሆቢ ነው፣ ክለብ እየሄድኩ ነው፣ እውነት ከሆነ አጭር አድርጋችሁ በሉት። ከዛ አልፎ ጥያቄው ከከረረ፣ ጣቢያ እንሂድ ከተባለ፣ ጠበቃ እፈልጋለሁ ብሎ ዝም ማለት ነው። እዛው መንገድ ላይ እንዴት እንደሚሰራ ላሳይህ ብሎ ሞቅ ማለት አይጠቅምም፣ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ፖሊሱ በጣም ነው የገረመው፣ ቃሉን ሲጽፍ ደግሞ "በ20 ሰከንድ ከፍቶ አሳየኝ" ብሎ ጻፈው።

የክለብ መታወቂያ ይረዳል እንዴ ለምትሉ፣ ትንሽ ይረዳል፣ ታሪካችሁን ይደግፋል። ፈቃድ ግን አይደለም፣ እንደ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ማሳየት የሚያድን አይምሰላችሁ።

ኦንላይን ማዘዝ እችላለሁ?

መያዝ የሚፈቀድበት አገር ውስጥ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ የፌዴራል ህጉ (ርዕስ 39 አንቀጽ 3002ኤ) ሎክ ፒክን በመንግስት ፖስታ መላክ የሚፈቅደው ለሎክ አምራችና አከፋፋይ፣ ለትክክለኛ ቁልፍ ሰሪ፣ ብድር ያልተከፈለበት ንብረት ለሚያስመልስ ባለሙያ፣ እና ለመኪና አምራች ወይ ሻጭ ብቻ ነው። የሚገርመው መያዙን ሳይሆን ፖስታውን ነው የከለከለው። ለዛ ነው ሻጮች በግል አመላላሽ ድርጅት የሚልኩት፣ እነሱን ይሄ አንቀጽ አይነካቸውም። የተጠቀማችሁበትን ለሌላ ሆቢስት ሸጣችሁ ፖስታ ቤት ይዛችሁ ልትሄዱ ከሆነ ግን ተመለሱ።

ከውጪ ሲመጣ ጉምሩክ አለ። ጥቅሉ ላይ "ጌጣጌጥ" ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥሩ እየዋለላችሁ አይደለም፣ በሀሰት የተሞላ ዲክላሬሽን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

አውሮፕላን ላይስ?

የአሜሪካ ኤርፖርቶች ደንብ ላይ እስከ 7 ኢንች የሚረዝም የእጅ መሳሪያ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ከዛ በላይ የሆነ በሚጫነው ነው፣ የመጨረሻው ውሳኔ ግን የፈታሹ ነው። እኔ ሁሉንም በሚጫነው ሻንጣ ነው የማደርገው፣ አጭርም ይሁን ረጅም። ዋናው ጥያቄ ግን ፍተሻው አይደለም፣ የምታርፉበት አገር ህግ ነው፣ ትራንዚት የምታድሩበትንም ጨምሮ።

የራሴን ቤት በር ብከፍትስ? የኪራይ ቤት ከሆነስ?

የራሳችሁ ንብረት የራሳችሁ ነው፣ ክፈቱት። ግን ኮሪደር ላይ ተንበርክካችሁ በር ስትጎረጉሩ ያየ ጎረቤት የናንተ ቤት መሆኑን አያውቅም፣ ፖሊስ ቢደውል አትፍረዱበት፣ መታወቂያችሁን ቅርብ አድርጉ። የኪራይ ቤት ሎክ የአከራዩ ንብረት ነው፣ ብታበላሹት የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ አከራዩን ሳታስፈቅዱ አትንኩት።

ሆቢው ውስጥ ሁለት ያልተጻፉ (አሁን እንኳን ተጽፈዋል) ህጎች አሉ። የራስህ ያልሆነን ወይ ባለቤቱ ያልፈቀደልህን ሎክ አትክፈት። አገልግሎት ላይ ያለን ሎክ አትክፈት፣ የራስህም ቢሆን። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፣ ሁለተኛውን ግን ጀማሪ ሁሉ ይንቀዋል፣ እኔም ንቄው ነበር። መሀሉ የሚዞረው ሲሊንደር ሲከፈት ግማሽ ዙር ከተገለበጠ ቁልፉ የሚገባበት ክፍተት ከላይ ወዳሉት ፒኖች (ሎኩን ቆልፈው የሚይዙት ትናንሽ ብረቶች) ይዞራል፣ ውስጡ ቁልፍ ስለሌለ በሞላ የሚገፉት የላይኞቹ ፒኖች እዛ ክፍተት ውስጥ ጠብ ጠብ ይላሉ፣ ከዛ ወደፊትም ወደኋላም እምቢ። ከውጪ ቆማችሁ፣ ማታ፣ በራሳችሁ በር። ያኔ ቁልፍ ሰሪ ትጠራላችሁ፣ ለሱም ምን ስታደርጉ እንደነበር ትነግሩታላችሁ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ጓጉንቸር ቢሆን ፈታታችሁ ትስቃላችሁ።

ጎረቤቴ ቁልፍ ውስጥ ረስታ በር ቢዘጋባት ልክፈትላት?

በነጻ፣ ቤቱ የሷ መሆኑን በደንብ የምታውቁ ከሆነ፣ እሷም አጠገባችሁ ቆማ ከሆነ፣ አብዛኛው ቦታ የሚያስጠይቅ አይመስለኝም። ሎኩ ቢበላሽ ምን እንደሚሆን ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብር ስትቀበሉ ነገሩ ይቀየራል። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስና ኖርዝ ካሮላይናን የመሳሰሉ ስቴቶች ለቁልፍ ሰሪነት ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ያለ ፈቃድ ለክፍያ መስራት ጥፋት ነው፣ "የሻይ ብላ ሰጠችኝ" ማለት አያዋጣም። በደንብ የማታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ በነጻም አታድርጉት። በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከቤቱ የተባረረ ባል "ቁልፌ ጠፋብኝ" ብሎ ሊያስከፍታችሁ ይችላል፣ ያኔ የተጠቀመባችሁ እሱ ነው፣ ስማችሁ ያለው ግን ክሱ ላይ ነው።

ባምፕ ኪይ፣ ፒክ ጋን፣ የመኪና መክፈቻ ከሁክና ከሬክ ይለያሉ?

በህግ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ነው የሚጠሩት። በአይን ግን ይለያሉ። ሁክ ይዞ ጓጉንቸር ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ጨዋታ መሆኑ ያስታውቃል። የአንድ የተወሰነ መኪና ሞዴል በር መክፈቻ ይዛችሁ መኪናው የሌላችሁ ከሆነ ግን "ለምን?" ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ይኑራችሁ። እኔ የመኪና እቃ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

ራሴ ብሰራውስ? በሞረድና በመጥረጊያ ብረት?

መያዝ በሚፈቀድበት መስራትም በአብዛኛው ይፈቀዳል፣ ፖላንድ ላይ ግን እንዳልኳችሁ መስራቱም አንቀጹ ውስጥ አለ። ካሊፎርኒያ ደግሞ የሰው ህንጻ እንዲከፍት አድርጎ ቁልፍ መስራትን፣ የመክፈት መብት ያለው ሰው ሳይጠይቅ ከሆነ፣ ለብቻው ጥፋት ታደርገዋለች። ስለዚህ የመስሪያ ቤታችሁን ቁልፍ ለመለማመጃ ብላችሁ ኮፒ አትቅረጹ።

ከዚህ በፊት በስርቆት ተፈርዶብኝ ከሆነስ?

ይሄ ከባድ ነው፣ ቀጥታ ልናገር፣ ሌላ ሆቢ ፈልጉ። ጣሊያን የወንጀል ህጉ አንቀጽ 707 የሚያነጣጥረው በትክክል ለጥቅም ተብሎ በሚፈጸም ወንጀል የተፈረደባቸው ላይ ነው፣ መክፈቻ ይዘው ተገኝተው ለምን እንደያዙት ማስረዳት ካልቻሉ ከ6 ወር እስከ 2 አመት። ያው እቃ ሪከርድ የሌለው ሰው እጅ ላይ በዛ አንቀጽ አያስጠይቅም። ስኮትላንድም በ1982 ህጓ ክፍል 58 ላይ ሁለትና ከዛ በላይ የስርቆት ፍርድ ላለበት ሰው የተለየ አንቀጽ አላት። ፍትሃዊ ነው አይደለም ሌላ ክርክር ነው።

ቆይ ግን ይሄን ሁሉ ለሌባ እያስተማራችሁት አይደለም እንዴ?

ሌባ ጊዜ የለውም። በር ይገነጥላል፣ መስኮት ይሰብራል፣ ክፍት የተረሳ ይፈልጋል። አንድ ሎክ ላይ ተቀምጦ ሰዓት የሚያጠፋው እንደኛ አይነቱ ነው። በ1851 ለንደን ላይ በታላቁ ኤግዚቢሽን ሰሞን አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ አይከፈትም የተባለውን የብራማን ሎክ ከፍቶ የ200 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) ሽልማት ወሰደ፣ በ16 ቀን ውስጥ 51 ሰዓት ፈጅቶበት። 51 ሰዓት የሚታገስ ሰርሳሪ አሳዩኝ። የቸብን ሎክ ግን በ25 ደቂቃ ነው የከፈተው፣ ያን ጊዜም እንዳሁኑ ህዝቡ "ሌባ አስተማርክብን" ብሎ ጮኸ፣ ሎክ ሰሪዎቹ ደግሞ ገብተው ሎካቸውን አሻሻሉ።

ልጄ 13 አመቱ ነው፣ ቪዲዮ አይቶ ግዛልኝ እያለኝ ነው፣ ልግዛለት?

የአገራችሁን ህግ ካያችሁ በኋላ፣ እኔ ብሆን እገዛለት ነበር፣ ውስጡ የሚታየውን የፕላስቲክ ሎክና ሶስት ብረት፣ ከዛ አይበልጥም። ብረቶቹ ግን ትምህርት ቤት አይሄዱም። አንድ ልጅ የሌላውን ሎከር ከፍቶ ቢስቅ ህጉ ሐሳብ ይጠይቃል አይጠይቅም ብሎ የሚከራከርለት የለም፣ ርዕሰ መምህሩ ናቸው ዳኛው። ጠረጴዛው ላይ አብራችሁት ተቀመጡና እናንተም ሞክሩት፣ እሱ ቀድሟችሁ እንደሚከፍት ግን ከወዲሁ እወቁት።